ጅብ ለምን ወደ ደጃችን ይመጣል?

ጅብን የማያውቅ ገበሬ የለም። ሕፃን ሲያለቅስ «ዝም በል፣ ጅብ መጣ» ይባላል። ሌሊት ድምፁ ሲሰማ ውሻው ይጮኻል፣ አህያ ጆሮዋን ታቆማለች፣ አባወራው ከመደብ ላይ ሳይነሣ «በሩ ተዘግቷል?» ብሎ ይጠይቃል። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የጻፍነው ጅብ የሚባል አውሬ አለ ብለን ልንነግራችሁ አይደለም። በዚህ በኩል እናንተ ናችሁ አስተማሪዎቻችን። እኛ ተማሪዎች ወደ ምዕራብ ሸዋ ተመድበን በጊንጪና በአምቦ መካከል ማስተማር ስንጀምር፣ የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች በጅብ ድምፅ ምክንያት እንቅልፍ ሳይወስደን ነበር ያነጋናቸው። ጠዋት ዓይናችን ቀልቶ ወደ ዳሱ ስንመጣ፣ አባትና እናት የሚሆኑን ተማሪዎቻችን ሆዳቸውን ይዘው ሳቁብን። አንዲት እናት «ልጆቼ፣ ጅቡ እናንተን ቢበላ ፊደል ይቆጥር ነበር» አሉን።

አንድ ቀን ግን ሳቁ ቀረ። ከተማሪዎቻችን የአንዱ አባወራ አህያ ሌሊት ተበላች። አህያዋ ከገበያ ደክማ ስለተመለሰች ከቤቱ ጀርባ ታስራ ነበር ያደረችው። ጠዋት የተገኘው ገመዱና ጥቂት አጥንት ነው። አህያ የሌለው ቤት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። እህሉ ወደ ገበያ፣ ውኃው ከወንዝ፣ እንጨቱ ከጫካ የሚመጣው በእሷ ጀርባ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ የሁሉም ሸክም የተሸጋገረው በባለቤቱና በትልቋ ሴት ልጃቸው ጀርባ ላይ ነው። ልጅቷም ትምህርት ማስታጎል ጀመረች። ኢትዮጵያ በአህያ ብዛት ከዓለም አንደኛ አገር ናት ይባላል፤ እውነትም ነው። ለአንድ ቤት ግን አህያ ማለት ያቺው አንዷ ናት።

በዚያ ሰሞን ከትምህርት በኋላ አንድ ሽማግሌ እንዲህ ብለው ጠየቁን፦ «እስቲ የተማራችሁት ንገሩን። ድሮ ጅብ የሚጮኸው ከጫካ ነበር። አሁን ከጓሮ ነው የሚጮኸው። ጅቡ በዝቶ ነው ወይስ እኛ ነን የጠራነው?»

ወዲያው መልስ አልነበረንም። የከተማ ልጅ ስለ ጅብ ምን ያውቃል? በኋላ ግን መጻሕፍት አገላበጥን፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያዎችን ጠየቅን፣ ከእናንተም ብዙ ሰማን። ያገኘነውን መልስ በአጭሩ እንበለው፦ ጅቡን በአብዛኛው የምንጠራው እኛው ነን። የምንጠራውም ማታ ውጭ በምንተወው ነገር ነው። እንዴት እንደሆነ ወደ ኋላ እንመለስበታለን። አስቀድመን ግን ጅቡን ራሱን ደህና አድርገን እንወቀው።

ለመሆኑ ጅብ ምን ዓይነት አውሬ ነው? በአገራችን ከአንድ በላይ የጅብ ዓይነት አለ። ሸንተረራም ጅብ የሚባለው አነስተኛ ነው። እኛ ደጅ የሚመጣው፣ በኦሮምኛ ዋራቤሳ የሚባለው፣ ነጠብጣሙ ጅብ ነው። አንድ ትልቅ ጅብ ከ45 እስከ 80 ኪሎ ይመዝናል። ማለትም ከግማሽ ኩንታል አንሥቶ እስከ አንድ ኩንታል ሊጠጋ ምንም ያህል አይቀረውም። የፊት እግሮቹ ከኋላ እግሮቹ ይረዝማሉ። ስለዚህ ጀርባው ወደ ኋላ ያዘቀዝቃል፣ ሲሄድም የሚያነክስ ይመስላል። «ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል» የተባለው ከዚህ የመጣ ሳይሆን አይቀርም። አያነክስም፤ አፈጣጠሩ ነው። ይህ «አንካሳ» ሳይደክም ብዙ መንገድ መሮጥ ይችላል።

መንጋጋው ደግሞ እጅግ ብርቱ ነው። የበሬ ጭን አጥንት ይሰባብራል። ሆዱ አጥንቱን አሟሙቶ ይፈጫል። የጅብ ዓይነ ምድር ሲደርቅ እንደ ኖራ የሚነጣው በዚህ ምክንያት ነው፤ የበላው አጥንት ነው። ጅብ የማይፈጨው ነገር ቢኖር ፀጉር ነው። ይህን ያዙልን፣ በኋላ ይጠቅመናል።

ጅብ ብቻውን የሚዞር ይመስለናል እንጂ ኑሮው በመንጋ ነው። መንጋው የራሱ ወሰን አለው፤ ከሌላ መንጋ ጋር በወሰን ይጣላል። ከእኛ የወሰን ክርክር የሚለየው ዳኛ የሌለው መሆኑ ነው። ሌሊት «ው--ኡፕ» የሚለው ጩኸት ዝም ብሎ ጩኸት አይደለም። እስከ 5 ኪሎ ሜትር ድረስ ይሰማል፤ የእያንዳንዱ ጅብ ድምፅም የተለየ ስለሆነ ጓደኞቹ ማን እንደጠራ ያውቃሉ። እኛ ሳቅ የምንለው ድምፅም የደስታ ሳቅ አይደለም። በአብዛኛው ሌላ ጅብ ሲያባርረው ወይም ምግብ ሲቀማው የሚያሰማው የጭንቀት ድምፅ ነው።

በመንጋው ውስጥ አለቃዋ ሴቷ ናት። ሴቷ ጅብ ከወንዱ ትበልጣለች፣ ቀድማም ትበላለች። ይህን በዳሱ ውስጥ ስንናገር ሴቶቹ ተማሪዎቻችን አጨበጨቡ። ወንዶቹ ደግሞ «እንግዲህ ጅብ መሆኑ በዚህ ይታወቃል» ብለው አጉረመረሙ።

ከዚሁ ጋር አንድ ወሬ አለ። ጅብ አንዴ ወንድ አንዴ ሴት ይሆናል ይባላል። ውሸት ነው። ግን ሰው ዝም ብሎ አላወራውም። የሴቷ ጅብ ብልት ከወንዱ ጋር እጅግ ስለሚመሳሰል በዓይን መለየት ያስቸግራል። ወንድ ነው የተባለ ጅብ አንድ ቀን ግልገል አስከትሎ ሲታይ ሰው ምን ይበል? ሴቷ አራት ወር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ትወልዳለች፤ ብዙውን ጊዜ ሁለት ትወልዳለች። ግልገሎቹ ሲወለዱ ዓይናቸው የተገለጠ፣ ጥርሳቸው የበቀለ ነው። እናትየው ከዓመት በላይ ታጠባቸዋለች። እንግዲህ ልብ በሉ፦ ጅብ እንደ አይጥ የሚረባ እንስሳ አይደለም። በአንድ አካባቢ ብዙ ጅብ ካለ፣ እዚያ ብዙ ጅብ የሚቀልብ ምግብ አለ ማለት ነው።

ሌላው ወሬ ግን እንደዚህ በሳቅ የሚታለፍ አይደለም። ብረት ሠሪውና ሸክላ ሠሪዋ ቡዳ ናቸው፣ ሌሊት ጅብ ሆነው ይወጣሉ የሚባለው ነው። ወሬው የቆየ ነው። ከ200 ዓመት በፊት በአገራችን የኖረው እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስ እንኳ ጉትቻ ስላደረጉ ጅቦች ጽፎ ነበር። ወሬ ስላረጀ ግን እውነት አይሆንም። ጅብ ከጅብ ይወለዳል፣ ሰውም ከሰው። እዚህ ላይ ጠንከር አድርገን የምንናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። አህያዋ በተበላች ማግስት፣ ከጎረቤት አንዱ በወንዙ ማዶ የምትኖረውን ሸክላ ሠሪ ስም አነሣ። ሴትየዋ ያን ሳምንት ገበያ አልወጣችም፤ ፈርታ ነው። ልጇም ወደ ዳሱ መምጣት ተወ። በማግስቱ ስንጠይቅ ግን ስሟን ያነሣው ሰውዬ ራሱ ቡና የሚያፈላው በእሷ ጀበና፣ እንጀራ የሚበላው በእሷ ምጣድ እንደሆነ ታወቀ። የሚያርስበትን ማረሻ ማን ቀጠቀጠለት? ማጭዱንስ? አህያዋን የበላት አራት እግር ያለው አውሬ ነው፤ ዱካው ከነጥፍሩ በጭቃው ላይ ነበር። ዱካው እስከ ባሕር ዛፉ ድረስ ሄደ እንጂ ወደ ሸክላ ሠሪዋ ቤት አልሄደም። ሰዎች ተሰብስበው ይህን ካዩ በኋላ ነው ነገሩ የበረደው።

አሁን ወደ ሽማግሌው ጥያቄ እንመለስ።

ብዙ ሰው ጅብ ጥንብ ብቻ የሚበላ ይመስለዋል። ሐንስ ክሩክ የተባለ ተመራማሪ በታንዛኒያ ሜዳዎች ጅቦችን ሌት ተቀን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጣው መጽሐፍ፣ የዱር እንስሳ በሞላበት አገር ጅብ አብዛኛውን ምግቡን ራሱ አድኖ እንደሚበላ አሳይቷል። እንግዲህ ጅብ አዳኝ ነው። የሚያድነው ሲያጣ ግን ያገኘውን ይበላል። በእኛ ደጋ የሚታደን የዱር እንስሳ ምን ቀረ? በደንዲ ወረዳ በጊንጪ አጠገብ ያለውን የጭሊሞን ደን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ጥድ፣ ዝግባና ወይራ ያለበት፣ ጉሬዛና ድኩላ የሚታይበት ደን ነው። ሽማግሌዎቹ እንደሚሉት ድሮ ደኑ እጅግ ሰፊ ነበር። በእርሻና በመጥረቢያ ተበልቶ ነው የጠበበው። በኋላ ነዋሪዎቹ በማኅበር ተደራጅተው ከመንግሥት ጋር መጠበቅ ጀመሩ፤ ይህ ደግ ሥራ ነው። በሌላው ቦታ ግን ዱሩ እርሻ ሆኗል። ድኩላው ሲጠፋ ጅቡ አብሮ አልጠፋም። ወደ እኛ ዞረ።

ወደ እኛ ሲዞር ደግሞ ድግስ ተደግሶ ጠበቀው። ከሆለታ ተነሥቶ በአዲስ ዓለም፣ በጊንጪ፣ በአምቦ፣ በጉደር እስከ ጌዶ ያለውን መንገድ ተመልከቱ። ከተሞቹ አድገዋል፣ ሥጋ ቤቱ በዝቷል። የታረደ ከብት ሆድ ዕቃ፣ ቀንድና ሰኮና በየትኛውም ከተማ ዳር ሲጣል ይታያል። የሞተ ውሻ መንገድ ዳር ይቀራል። በገጠርም ቢሆን በሬ በበሽታ ሲሞት ጎትቶ ገደል አፋፍ ላይ መተው የቆየ ልማድ ነው። ያረጀች ወይም ጀርባዋ የቆሰለች አህያ ትለቀቃለች፤ ማታ ምን እንደሚያገኛት እያወቅን ነው የምንለቃት። እውነቱን እንነጋገር ካልን፣ ይህ ጅብን መቀለብ ነው። ቀን የሚተኛበትም አላጣም። ባሕር ዛፉ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደን፣ የጎርፍ ቦዩና ከመንገድ ሥር ያለው ቱቦ መኝታው ነው።

ይህ የእኛ ግምት ብቻ አይደለም። ጅብ ፀጉር አይፈጭም ብለን ነበር። በትግራይ በመቐለ አካባቢ ተመራማሪዎች የጅብ ዓይነ ምድር እየሰበሰቡ በውስጡ ያለውን ፀጉር የየትኛው እንስሳ እንደሆነ መረመሩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ታትሟል። የሚገኘው ፀጉር በአብዛኛው የቤት እንስሳ ነው። የሚገርመው ግን ሌላ ነው። ከሁዳዴ ጾም በፊት ከ100 ውስጥ በ15 ገደማው የአህያ ፀጉር ተገኘ። በጾሙ ጊዜ ይህ ቁጥር ወደ 33 ወጣ። ጾሙ ከተፈታ በኋላ ወደ 22 ወረደ። ምን ማለት ነው? በ55ቱ የጾም ቀናት ከብት አይታረድም፣ ሥጋ ቤት ይዘጋል፣ አጥንትና ሆድ ዕቃ አይጣልም። ሰው ሲጾም ጅቡ አልጾመም፤ ወደ አህያ ዞረ። ለካ ከዓመት እስከ ዓመት የጣልንለት ትርፍራፊ በብዛት አምጥቶ ያኖረው ጅብ፣ ትርፍራፊው ሲቋረጥ በረታችንን ነው የሚያንኳኳው።

የእኛዋ አህያ መቼ ተበላች? በጾሙ በሦስተኛው ሳምንት። ይህን ስናነብ እርስ በርሳችን ተያየን።

በሌላ አገርም እንዲሁ ነው። በአሜሪካና በካናዳ ጥቁር ድብ የሚባል ትልቅ አውሬ አለ። ድሮ በአደን ብዛት ተመናምኖ ነበር፤ ባለፉት አሥርተ ዓመታት ግን በብዙ ቦታ ተመልሶ በዝቷል። ድቡ በደን ዳር ካሉ ቤቶች የቆሻሻ በርሜል ያገላብጣል፣ የንብ ቀፎ ይሰባብራል። መጀመሪያ ላይ ሰዎቹ ድቡን መተኮስ ብቻ ነበር የሚያውቁት። አንዱ ሲሞት ሌላው ቆሻሻው ጠርቶት ይመጣል። በኋላ ድብ ሊከፍተው የማይችል የቆሻሻ በርሜል ሠሩ፣ ቀፎውን በኤሌክትሪክ ሽቦ አጠሩ። ምግብ ያጣ ድብ ወደ ዱሩ ይመለሳል። እነሱ በርሜል አላቸው፣ እኛ የለንም፤ ጉድጓድ መቆፈሪያ ዶማ ግን አለን።

አንዳንዱ ሰው «ታዲያ ጅቡን በመርዝ ብንፈጀውስ?» ይላል። አህያው የተበላበት ሰው እንዲህ ቢል አንፈርድበትም። ግን እናስብበት። መርዝ የተቀባ ሥጋ ጅቡን ብቻ አይጠብቅም። የጎረቤት ውሻ ይበላዋል፣ አሞራ ይበላዋል፣ ሕፃን ይነካዋል። ጅቡም ቢያልቅ የሚሠራው ሥራ አለ። በዚያው በመቐለ የተደረገ ሌላ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል። በከተማዋ ዙሪያ ያሉ ጅቦች በዓመት 207 ቶን፣ ማለትም 2,070 ኩንታል፣ የእንስሳት ጥንብና የሥጋ ቆሻሻ እንደሚበሉ ተገምቷል። ይህም በዓመት 5 ሰዎችን፣ 140 ከብቶችን፣ በጎችንና ፍየሎችን ከአባ ሰንጋና ከከብት ሳንባ ነቀርሳ እንደሚያድን አጥኚዎቹ አስልተዋል። ሐረሮች ይህን የተረዱት ከጥንት ነው። በጀጎል ግንብ ላይ ጅብ ሌሊት ገብቶ የሚወጣበት ቀዳዳ አለ፤ የከተማውን ቆሻሻ ይጠርግላቸዋል። በዓሹራ በዓል ገንፎ አገንፍተው ያቀርቡለታል። እናንተም ገንፎ አቅርቡለት አንላችሁም። የእኛ ጅብ የሐረር ጅብ አይደለም፣ አብሮ የመኖሩ ልማድም በአንድ ቀን አይመጣም።

በህንድ የደረሰውም ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ለከብት በሚሰጥ አንድ የሕመም ማስታገሻ ምክንያት ጥንብ አንሣ አሞራዎች በሚሊዮን አለቁ። ጥንቡን የሚያነሣ ሲጠፋ ውሻው በዛ። ውሻው ሲበዛ የእብድ ውሻ በሽታ ብዙ ሰው ገደለ። ጥንብ በሊታን ከመፍጀት በፊት ጥንቡን ማን እንደሚያነሣው ማሰብ ይገባል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ከጥንቡ እንጀምር። የሞተ ከብት ውጭ አይተው። ጥልቅ ጉድጓድ፣ ቢያንስ የሰው ቁመት የሚያህል፣ ቆፍሮ መቅበር ነው። ኖራ ቢገኝ ከላይ ይነስነስበት። በድንገት የሞተና ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው ጥቁር ደም የወጣ ከብት ከሆነ ግን ተጠንቀቁ፣ አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ከብት አትግፈፉት፣ አትብሉት፣ አትጎትቱት። የቀበሌውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጥሩ። የአባ ሰንጋ ዘር በአፈር ውስጥ ለብዙ አሥርተ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ጅብ ቦጫጭቆ ሲበትነው ሜዳው ይበከላል፤ ስለዚህ ጅቡ ሳይደርስ ነው መቅበር ያለብን። ለአንድ ሰው ይህን ጉድጓድ መቆፈር ከባድ ነው። በደቦ ከሆነ ግን የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ለአጨዳ ደቦ የሚጠራ ሰፈር ለዚህ ቢጠራ ነውር የለውም።

የበዓል እርድም አለ። የቅርጫ ሥጋ ተከፋፍሎ ሲያበቃ ፈርሱና ሆድ ዕቃው እዚያው ይቀራል። ከመታረዱ በፊት ጉድጓዱ ቢቆፈር ነገሩ ያልቃል። ከታረደ በኋላ ማን ይቆፍራል? ሁሉም ወደ ጥብሱ ነው የሚሮጠው፤ እኛም ጭምር።

ቀጥሎ በረቱ። ጅብ ደካማውን ቦታ ፈልጎ ነው የሚገባው። አጥሩ አንድ ቦታ ከሳሳ በዚያ ይጨመቃል፣ ከሥሩ አፈሩ ከላላ ይምሳል። ስለዚህ ማገዶ ሲጠፋ ከአጥሩ እየመዘዙ ማንደድ ጅቡን በር ከፍቶ እንደ ማስገባት ነው። አጋምና ቀጋ ያለበት ጥቅጥቅ ያለ የእሾህ አጥር፣ ከሥሩ ድንጋይ የተደረደረበት፣ ጥሩ ነው። ሌላው ነገር ደግሞ እንስሳው ከውስጥ ሆኖ ሲደነግጥ ገፍቶ እንዳይወጣ ነው። ጅቡ በረቱን ይዞራል፣ አህያው በርግጎ አጥሩን ይጥሳል፣ ውጭ ይበላል። በሩ ከውስጥም ከውጭም መጠንከር አለበት። ከሁሉ የሚሻለው አህያና ጥጃን ማታ ጣሪያ ካለው ቤት ማስገባት ነው። በተለይ በጾም ወራት አንድም አህያ ውጭ ታስሮ ማደር የለበትም። የታሰረ አህያ መሸሽም መራገጥም አይችልም። እሳትና የባትሪ መብራት ለጥቂት ሌሊት ያስፈራው ይሆናል፤ ምንም ካልደረሰበት ግን ይለምደዋል። ውሻ ጥሩ ነው፤ ጅቡን ባያሸንፍም እኛን ይቀሰቅሳል። ውሻው ግን የእብድ ውሻ ክትባት መከተብ አለበት፤ ምክንያቱን አሁን እንናገራለን።

ስለ ሰው እንናገር። ጅብ ሰውን ይፈራል፤ ግን ሁልጊዜ አይደለም። አደጋ የሚደርሰው በአብዛኛው በሌሊት ነው፤ ውጭ በተኙ ሰዎችና በልጆች ላይ። እህል በአውድማ ሲያድር ጠባቂ ልጅ ብቻውን ሜዳ ላይ ይተኛል። ይህ ልማድ ይቅር። ጥበቃ ለአዋቂዎች ነው፤ እነሱም ሁለት ሆነው፣ ጎጆ ወይም ማማ ሠርተው ይደሩ። የጠፋ ፍየል ፈልጎ እንዲያመጣ ልጅን ከመሸ በኋላ መላክ አይገባም። ፍየሏ ብትበላ ሌላ ትገዛለች። በመንገድ ላይ ጅብ ካጋጠማችሁ አትሩጡ። የሚሮጥን ነገር ማሳደድ ተፈጥሮው ነው። ፊታችሁን ወደ እሱ አድርጋችሁ ቁሙ፣ ጩኹ፣ ድንጋይ ወርውሩ፣ ቀስ እያላችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። መጀመሪያ ላይ እኛም «አትሩጡ» ሲሉን የሚቀልዱ መስሎን ነበር።

ጅብ ሰው ከነከሰ ግን ከቁስሉ የሚብስ ነገር አለ። ጅብ እንደ ውሻ ሁሉ የእብድ ውሻ በሽታ ሊይዘው ይችላል። በጠራራ ፀሐይ ያለ ፍርሃት ወደ ሰፈር ገብቶ ያገኘውን የሚነክስ ጅብ በጣም ያጠራጥራል። በሽታው በምራቁ ወደ ሰው ይተላለፋል። ምልክቱ በሰውየው ላይ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። ከመታየቱ በፊት ግን ይዳናል። ልዩነቱ ይህን ያህል ነው። ስለዚህ የተነከሰውን ቦታ ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ እጠቡት፤ ለ15 ደቂቃ ያህል፣ ማለት ቡና ተቆልቶ እስኪወቀጥ ድረስ። አመድ፣ ቅጠል ወይም ቅቤ አታድርጉበት። ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ክትባቱ አንድ ጊዜ ብቻ የሚወሰድ አይደለም፤ በቀጠሮው ሁሉ መመለስ ነው። ቁስሉ ትንሽ ነው፣ ድኗል ብሎ መቅረት አደገኛ ነው፤ በሽታው የሚገለጠው ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ነው። አንዳንድ ሰው አስቀድሞ ወደ መድኃኒት አዋቂ ይሄዳል። አዋቂውን ማክበር አንድ ነገር ነው፤ ይህ በሽታ ግን ጊዜ አይሰጥም።

አህያዋ የተበላችባቸው አባወራ ከመኸሩ በኋላ ጤፍ ሸጠው አንዲት ውርንጭላ ገዙ። የምታድረው ከቤት ውስጥ፣ ከግድግዳው ሥር በተሠራላት ጋጣ ነው። ባለቤታቸው ሽንቷ ይሸታል ብለው ያማርራሉ፣ እውነትም ይሸታል። ትልቋ ልጅ ወደ ዳሱ ተመልሳለች። ባለፈው ሳምንት ጅቡ ሁለት ሌሊት መጥቶ በሩን አሽትቶ ሄደ። ዱካውን ጠዋት ከእሳቸው ጋር አየነው፤ በቤቱ ዙሪያ ሁለት ጊዜ ዞሮ ወደ ባሕር ዛፉ ወርዷል።